ከፖሊስ የወጣ ሞዴል 28፦ ምን አይቶ መግዛት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ቤቴ አቅራቢያ ያለ የጦር መሣሪያ መደብር «ከፖሊስ የወጣ» ያለውን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሃይዌይ ፓትሮልማን ሪቮልቨር (ሞዴል 28) ለሽያጭ አቅርቧል። ሲሊንደሩ (ጥይቶቹ የሚገቡበት ተሽከርካሪ ክፍል) ሲከፈት ውስጡ «28-2» የሚል ተመትቶበታል። አፈሙዙ 4 ኢንች ነው፤ ጫፉ ላይና ሲሊንደሩ ላይ ቀለሙ ለቋል፤ እጀታው ጥቁር ጎማ ነው። ሻጩ «ብዙ ተሸክመውታል እንጂ ብዙ አልተኮሱበትም» ይላል። ልመነው? ምን ምኑን ልይ? ደግሞስ ይህን ያህል ግዙፍ የሆነው ለምንድን ነው?

ምላሽ፦ ወንድማችን፣ ያቺ አባባል የሻጭ ሁሉ መዝሙር ብትሆንም ስለ ፖሊስ ሽጉጥ ስትነገር ብዙውን ጊዜ እውነት ናት። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ዕድሜውን የሚያሳልፈው ወገብ ላይ ነው። በየቀኑ ከቆዳ አፎት ይወጣል፣ ይገባል፤ ከመኪና በርና ከወንበር ቀበቶ ጋር ይፋተጋል፤ ዝናብና ላብ ያገኘዋል። የሚተኮሰው ግን በልምምድና በብቃት ፈተና ቀን ነው፤ ያም በብዙ መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት ረከስና ለዘብ ባለው .38 ስፔሻል ጥይት ነበር። አፈሙዙ ጫፍና ሲሊንደሩ ጠርዝ ላይ የለቀቀው ቀለም የአፎቱ ሥራ ነው። አያስፈራዎ፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀሙበት።

ሊፈሩ የሚገባዎ ሌላ ነው፦ ሽጉጡ ከፖሊስ እጅ ከወጣ በኋላ ካቻቢቴና ሞረድ ይዞ «ቃታውን ላለስልሰው» ብሎ የገባበት ሰው። የዚህ ሞዴል ብረት በአገልግሎት ብዛት በቀላሉ አያልቅም፤ የሚያበላሸው ነካኪ እጅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምርመራ አብዛኛው የዚያን ሰው ዱካ ፍለጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ ግዙፍነቱ። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፖሊስ ይይዘው የነበረው .38 ስፔሻል የወንበዴዎቹን መኪና ብረት መብሳት እያቃተው አስቸግሮ ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1935 .357 ማግነምን አወጣ። ቀልሃው ከ.38 ስፔሻል በ3.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የረዘመው ሆን ተብሎ ነው፤ ኃይለኛው ጥይት በስሕተት ደካማ ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ እንዳይፈነዳ። ስለዚህ .38 ስፔሻል በእርስዎ ሽጉጥ ይተኮሳል፤ .357 ግን በ.38 ሽጉጥ አይገባም። ኩባንያው ይህን አዲስ ግፊት የሚሸከምለት ፍሬም (የሽጉጡ ዋና አካል) ሲፈልግ ለ.44 ጥይት የሠራውን ትልቁን ወሰደ፤ ዛሬ «ኤን ፍሬም» የሚባለው እሱ ነው። የመጀመሪያው .357 ለኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር ለጄ. ኤድጋር ሁቨር ተሰጠ፤ ጄኔራል ጆርጅ ፓተንም በዚያው ዓመት አንድ ገዝቷል። ከዚህ መገመት እንደሚቻለው ሽጉጡ የሹማምንት ዕቃ ነበር፦ እንደ መስተዋት የተወለወለ፣ ከላይ በጥቃቅን ጥርብ ያጌጠ፣ ዋጋውም ለተራ ፖሊስ የማይቀመስ።

በ1954 መፍትሔው መጣ። ኩባንያው የውስጥ ሥራውን ሳይነካ ጌጡን ብቻ ቀነሰ። ፍሬሙ ያው፣ ሲሊንደሩ ያው፣ የውስጥ አሠራሩ ያው፤ ነገር ግን መወልወሉ ቀርቶ ብረቱ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያዘ፣ ከላይ ያለው ጥርብም ቀረና በአሸዋ የተነፋ የሚመስል ደብዛዛ ገጽ ተተካ። አፈሙዙ ግራ ጎን ላይ «ሃይዌይ ፓትሮልማን» ተብሎ ተጻፈበት። በ1957 ኩባንያው ሽጉጦቹን በቁጥር መጥራት ሲጀምር የተወለወለው ሞዴል 27፣ ይኸኛው ሞዴል 28 ሆነ፤ ምርቱ እስከ 1986 ቀጠለ። በእኔ እምነት ከኤን ፍሬሞቹ ሁሉ ለገንዘብ የሚበጀው ይኸው ነው። ደብዛዛው ገጽ ፀሐይ ላይ አያንጸባርቅም፤ የሞዴል 27 ገዢ የከፈለው ተጨማሪ ገንዘብም ኢላማው ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ባለ 4 ኢንቹ ያለ ጥይት 1.16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ተሸክሞ ለሚውል ሰው ይከብዳል፤ በ1955 ሞዴል 19 በመካከለኛው «ኬ ፍሬም» ሲመጣ ብዙ ፖሊሶች ፊታቸውን ወደዚያ ያዞሩት ለዚህ ነው። ግን ቅለቱ ዋጋ አስከፍሏል። በኬ ፍሬሙ ላይ ክንዱ (ሲሊንደሩን ይዞ ወደ ጎን የሚከፈተው ብረት) እንዲያልፍ ሲባል የአፈሙዙ የኋላ መግቢያ ከሥሩ ተላጥቶ ቀጥ ያለ ስስ ቦታ አለው። ፈጣኑ ባለ 125 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ማግነም ጥይት በብዛት ሲተኮስበት በዚያች ስስ ቦታ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኤን ፍሬሙ ያ ላጣ የለውም፤ ዙሪያውን ሙሉ ብረት ነው። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የኬ ፍሬሙ 37 ነው። ግዙፍነቱ ለዕድሜ ነው ማለት ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው፦ ከባድ ሲሊንደር በፍጥነት ሲዞር በድንገት የሚያቆመውን ትንሽ ጥርስ ይደበድበዋል። በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ቁጥሮቹን እናንብብ። ሲሊንደሩን ከፍተው ክንዱ በሚያርፍበት የፍሬሙ ጉድጓድ ውስጥ ያዩት «28-2» የሞዴሉ ማሻሻያ ነው። መጀመሪያ የወጡት አምስት ብሎን ነበራቸው፤ አራት የጎን ክዳኑን የሚይዙ፣ አንድ ከቃታው ጠባቂ ፊት። በ1955 ገደማ የክዳኑ የላይኛው ብሎን ቀረ። በ1960 (28-1) የቀልሃ ማውጫው ዘንግ ጥርስ ወደ ግራ የሚጠብቅ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ዘንጉ በተኩስ ብዛት እየላላ ሲሊንደሩ አልከፈት ይል ነበር። 28-2 ላይ ከቃታ ጠባቂው ፊት ያለው ብሎንም ቀርቶ ሦስት ብሎን ብቻ ቀረ። በ1982 የመጣው 28-3 ደግሞ አፈሙዙን የምትይዘውን ፒንና የሲሊንደሩን የቀልሃ ከንፈር ማስቀመጫ አስቀረ። የእርስዎ 28-2 ሁለቱም ሊኖሩት ይገባል። ፒኗ ፍሬሙ ከአፈሙዙ ጋር በሚጋጠምበት ላይ ከጎን ወደ ጎን የምታልፍ ትንሽ ነጥብ ናት። ከሌለች አፈሙዙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

መለያ ቁጥሩ እጀታው ሥር፣ የብረቱ መቀመጫ ላይ ነው። «ኤስ» ቀድሞት ከተጻፈ እስከ 1969 ገደማ የተሠራ፣ «ኤን» ከቀደመው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ክንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሌሎች ቁጥሮችም ሊያዩ ይችላሉ፤ ሲገጣጠም የዋለ የፋብሪካ ቁጥር ነውና መለያ ቁጥር መስሎዎ ሰነድ ላይ እንዳይጽፉት። ሻጮች ራሳቸው እዚህ ላይ ሲሳሳቱ ይታያል። ከመለያ ቁጥሩ አጠገብ ኮከብ ተመትቶ ካዩ ሽጉጡ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ተሠርቶለታል ማለት ነው፤ ለሰብሳቢ ቅናሽ መጠየቂያ ነው፣ ለተኳሽ ግን እንዲያውም ጥሩ ዜና ነው።

ወደ ምርመራው። ከዕቃው በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፦ «ባዶውን ቃታ ብስብ ይፈቀድልኛል?» ብለው። እምቢ ካሉ ሌላ ሱቅ ይሂዱ፤ ቃታው ሳይሳብ የሚሸጥ አሮጌ ሪቮልቨር በጆንያ ውስጥ ያለ ድመት ነው። ከዚያ መክፈቻውን ወደ ፊት ገፍተው ሲሊንደሩን ያውጡ፤ ስድስቱንም ቀዳዳ በዓይንዎ ይቁጠሩ፣ በጣትዎም ይዳስሱ። ባለሱቁ አይቶልዎት ቢሆን እንኳ እርስዎም ይዩ። ለዚህ ሥራ ትንሽ ባትሪ፣ ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች)፣ ስድስት ባዶ ወይም የመለማመጃ .38 ቀልሃ ይዘው ይሂዱ።

ቀልሃዎቹ ለምን? የስሚዝ ሲሊንደር የሚዞረው ኋላው ላይ ባለው ኮከብ መሰል የቀልሃ ማውጫ በኩል ነው። ቀዳዳዎቹ ባዶ ሲሆኑ ኮከቡ ትንሽ ይወላገዳል፤ ስለዚህ ደኅናውን ሽጉጥ ዘግይቶ የሚዞር ሊያስመስለው ይችላል። ቀልሃ ሲገባበት ኮከቡ ይደላደላል። ቀልሃዎቹን አስገብተው ሲሊንደሩን ይዝጉ፤ በእጅ መዳፍ ገፋ አድርገው እንጂ እንደ ፊልም ተዋናይ ወርውረው አይዝጉት፤ ክንዱን የሚያጣምመው ያ ነው።

አሁን አንድ ጣትዎን ሲሊንደሩ ላይ ቀስ ብለው አሳርፈው ለመዞር እንዲከብደው ያድርጉ። መዶሻውን በአውራ ጣት በጣም በዝግታ ወደ ኋላ ይሳቡ። ሁለት ድምፅ ይሰማሉ፦ አንዱ ከሥር ያለው ማቆሚያ ጥርስ ሲሊንደሩ ላይ ካለው ጎድጎዳ ውስጥ ሲወድቅ፣ ሌላው መዶሻው ሲቆለፍ። ጥርሱ መቅደም አለበት፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከመዶሻው እኩል። መዶሻው ከተቆለፈ በኋላ ሲሊንደሩን በጣትዎ ሲገፉት «ቀጭ» ብሎ ገና የሚገባ ከሆነ ዘግይቷል። ይህን በስድስቱም ቀዳዳ ይድገሙት፤ አንዷ ብቻ የምትዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚዘገየው ሲሊንደሩን የሚገፋው የውስጥ ጣት ወይም የኮከቡ ጥርስ ስለተበላ ነው። ጣቱን በሰፋ መቀየር ለባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ግን ገንዘቡ ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት። እንዲህ ያለ ሽጉጥ በዝግታ ሲተኮስ አረሩን ከአፈሙዙ መግቢያ ጠርዝ ጋር ያጋጨዋል፤ የእርሳስ ፍንጣሪውም ጎን የቆመውን ሰው ፊት ይመታል።

ቀጥሎ ቃታውን እስከ ዳር ስበው ሳይለቁ ይያዙና ሲሊንደሩን ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዙ። ጥቂት ንቅናቄ በስሚዝ ዘንድ ያለ ነው። የተፎካካሪው ፋብሪካ የኮልት ሰዎች የለመዱት ቃታ ሲሳብ ጨርሶ የማይነቃነቅ ሲሊንደር ነው፤ በዚያ ሚዛን ስሚዝን አይፍረዱበት። ንቅናቄው ከበዛ ግን ሲሊንደሩ ላይ ያሉትን ጎድጎዳዎች በባትሪ ይመልከቱ፦ ጠርዛቸው ወደ ውጭ ተገፍቶ ከንፈር ካወጣ፣ አንድ ሰው ሽጉጡን በፍጥነት ሲያንጣጣበት ኖሯል። ከላይ ያልኩት የከባዱ ሲሊንደር ነገር ይኸው ነው። ዙሪያውን ያለው ቀጭን ጭረት ግን ምንም አይደለም፤ የስሚዝ ማቆሚያ ጥርስ በአሠራሩ ሲሊንደሩን እየዳሰሰ ስለሚሄድ በትንሽ አገልግሎት ይታያል።

ፊለር ጌጁን ያውጡ። በሲሊንደሩ ፊትና በአፈሙዙ ኋላ መካከል ያለውን ክፍተት ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ አንዴ ሲሊንደሩን ወደ ኋላ ገፍተው፣ አንዴ ወደ ፊት። ወደ ኋላ ገፍተው ያገኙት ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ከ0.25 ሲያልፍ ጋዝ ይባክናል፣ ፍንጣሪ ይበዛል። የሁለቱ ልኬት ልዩነት ደግሞ ሲሊንደሩ በርዝመቱ የሚመላለስበት ነው፦ እስከ 0.05 ድረስ የተለመደ፣ 0.10 ከደረሰ የሚጠገን። ጥገናው የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ለዚሁ የተሠሩ ስስ የብረት ሮንዴላዎች ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባሉ። ብዙ ገዢ ይህን አይለካም፤ ፊለር ጌጅ ከኪስዎ ሲወጣ የሻጩ አነጋገር ራሱ ይለወጣል።

የነካኪው ዱካ ዋናው ቦታ መዶሻውና ቃታው የሚቆላለፉበት ነው። መዶሻውን ወደ ኋላ ቆልፈው፣ ቃታውን ሳይነኩ፣ በአውራ ጣትዎ መዶሻውን ከኋላ ወደ ፊት ጠንከር አድርገው ይግፉት። ከተፈናጠረ እዚያው አስቀምጠውት ይውጡ። የመዶሻው ጥርስ በሞረድ ተበልቷል፤ ፋብሪካው ይህን ብረት ላዩን ብቻ አጠንክሮ ስለሚሠራው ጥርሱ አንዴ ከተሞረደ ሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በየተኩሱ እየተበላ ይሄዳል። መዶሻው ተቆልፎ ሳለ የቃታው ክብደት ከአንድ ኪሎ ብዙ ያነሰ ከመሰልዎም ይጠርጥሩ።

ሁለተኛው ዱካ እጀታው ፊት፣ ከሥር ያለችው ትንሽ ብሎን ናት። ትልቁን ሞላ የምትወጥረው እሷ ናት፤ እስከ መጨረሻው መጥበቅ አለባት። ሰነፍ ሰው ቃታ ለማቅለል ያላላታል፤ ከሱ የባሰው ጫፏን ቆርጦ ያሳጥራታል። ውጤቱ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ሳስቶ መምታትና መክሸፍ ነው፤ በተለይ መዶሻው ሳይቆለፍ ቃታው በአንድ ረጅም ስበት ሲሳብ። የላላች ከሆነች ማጥበቅ በቂ ነው፤ የተቆረጠች ከሆነች አዲስ ብሎን ርካሽ ነው። ከዚህ ባሻገር ሌላ ምን እንደነካ ማሰብ ግን የእርስዎ ፈንታ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሦስተኛው በጎን ክዳኑ ውስጥ ያለችው መከለያ ልሳን ናት። ሽጉጡ በመዶሻው ላይ ቢወድቅ መርፌው ጥይቱን እንዳይመታ መሐል የምትቆም ስስ ብረት ናት። ክዳኑን የከፈተ ሰው ሲመልስ ረስቷት፣ ወይም «ቃታ ታከብዳለች» ብሎ አውጥቷት ይሆናል። ባዶውን ሽጉጥ ጆሮዎ አጠገብ ቀስ ብለው ቢያንቀጠቅጡት ልሳኗ ስትንኳኳ ትሰማለች። ለማረጋገጥ መዶሻውን ቆልፈው በፊቱ ያለውን ክፍተት በባትሪ ይዩ፤ ከዚያ መዶሻውን በአውራ ጣት ይዘው ቀስ አድርገው ያውርዱና ቃታውን ሲለቁ ልሳኗ ወደ ላይ ስትወጣ ይመለከታሉ። ካልወጣች ጉድለቱ የደኅንነት ነው።

የብሎኖቹ ጭንቅላት ብዙ ይናገራል። የተበላ ስንጥቅ ካለ ክዳኑ ተከፍቷል፤ ክዳኑና ፍሬሙ የሚገናኙበት መስመር ላይ የካቻቢቴ ጥፍር ካለ ደግሞ በፍንቀላ ተከፍቷል። የስሚዝ ክዳን አይፈነቀልም፤ ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ የእጀታው ብረት በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ ቀስ ብሎ ሲመታ በንዝረት ራሱ ይነሣል። ደኅና ሽጉጥ ላይ ያ መስመር ፀጉር የማያስገባ ነው። ብሎኖቹም አይለዋወጡም፦ ፊተኛው ክንዱን ስለሚይዝ ለእሱ ብቻ ተስተካክሎ የተሠራ ነው፣ ከእጀታው ሥር የሚገባው ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ነው። የተለዋወጡ ከሆነ ሲሊንደሩ ሲከፈት ይጠብቃል ወይም ይላላል።

አፈሙዙን በባትሪ ከኋላ አብርተው ከፊት ይዩ። በመሐሉ የጠቆረ ቀለበት ካለ አብጧል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ባሩዱ ያነሰ ጥይት አረሩን መሐል ላይ ሰንቅሮት ይቀራል፣ ተኳሹ ሳያስተውል ተከታዩን ይለቃል። ከውጭም በጣትዎ ሲዳስሱት እብጠቱ ይሰማል። መፍትሔው አፈሙዝ መቀየር ብቻ ነው። መግቢያውን ስንጥቅ እንዳለው ይመልከቱ። ከሲሊንደሩ በላይ ባለው ድልድይ ላይ፣ ክፍተቱ ትይዩ፣ የተቃጠለ የሚመስል ቀጭን ቦይ ካዩ ማግነም ብዙ ተተኩሶበታል፤ ግን ያ ቦይ ጥቂት ከጠለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቆማል፣ ብቻውን ሽጉጡን አይጥልም። ዘንጉን ለማየት ሲሊንደሩን ከፍተው ያሽከርክሩ፤ የዘንጉ ጫፍ ክብ እየሠራ ቢወዛወዝ ተጣሟል። ጥርሱ የግራ መሆኑን አይርሱ፤ ሊፈቱት ካሰቡ ወደ ተለመደው የማጥበቂያ አቅጣጫ ነው የሚፈታው፣ ኮከቡ እንዳይጣመምም ቀዳዳዎቹ ውስጥ ባዶ ቀልሃ ይግባ።

ስለ ቀለሙ። የለቀቀ ኦሪጅናል ቀለም ከአዲስ ቅብ ይሻላል። እንደገና መቀባቱን የሚያጋልጡት መዶሻውና ቃታው ናቸው፦ ከፋብሪካ ሲወጡ ቡናማ፣ ግራጫና ሰማያዊ የተቀላቀለበት የእሳት ኅብር አላቸው። ጥቁር ሆነው ካዩ ሁሉም አንድ ላይ ተነክሯል። ፊደሎቹ ጠርዛቸው ከሟሸሸ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ሳህን ከጎደጎደ፣ በመወልወያ ጎማ ተበልቷል። በተለይ ሞዴል 28 ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ማንም ባለሙያ ሁለቴ አያይም፤ ይህ ሞዴል በመደበኛው አብረቅራቂ ሆኖ አልተሠራም። የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ምልክት የጀርባው ብረት ላይ ወይም የጎን ክዳኑ ላይ ተቀርጾ ከሆነ እንዲፋቅ አይስማሙ። ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱን ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ታሪካዊ ፋውንዴሽን በክፍያ ሽጉጡ መቼ ተጭኖ ለማን እንደተላከ የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ምልክት ያለበትን ሽጉጥ የሚያስከብረው ይህ ደብዳቤ ነው።

ያ የጎማ እጀታ ደግሞ ይፈታ። ባለሱቁ ካልፈቀደ ቢያንስ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጊዜ በፊትዎ ይፍታው። ጎማ ላብና ዝናብ ይዞ ስለሚያቆይ ሥሩ ያለው ብረት ላይ ዝገት ይደበቃል። ላዩን ቡናማ ከሆነ በዘይትና በጥሩ የነሐስ ሱፍ ይነሣል፤ ብረቱን እንደ ፈንጣጣ ከበሳው ግን አይመለስም። ኦሪጅናሉ የእንጨት እጀታ ጠፍቶ ከሆነ ብቻውን ውድ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ጥለውት እንደሆነ ይጠይቁ። ከ1968 ገደማ በፊት የነበሩት በብሎናቸው ዙሪያ የአልማዝ ቅርጽ ያለው እንጨት አላቸው፤ ከእነሱ ጋር የመጣ ሽጉጥ ሌላ ዋጋ ነው።

ወረቀቱን በአጭሩ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ መግዛት ይችላል፤ ከመደብር ሲገዛ በሚሞላው የፌዴራል 4473 ፎርም ላይ የኢሚግሬሽን ቁጥሩን ይጽፋል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። ፎርሙ ሕገ ወጥ ዕፅ ይጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ወገኖቻችን የሚዘነጉት ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከከባዶቹ ዕፆች ተርታ መመደቡን ነው። በፎርሙ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ቨርጂኒያም የራሷን የፖሊስ ፎርም ታስሞላለች። ሽጉጡ ከሌላ ስቴት ከሆነ በቀጥታ ወደ ቤትዎ አይላክም፤ በስቴትዎ ባለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ በኩል ነው የሚያልፈው። 50 ዓመት ያለፈውና ከኦሪጅናል ይዞታው ያልተለወጠ ሽጉጥ በፌዴራል ደረጃ እንደ ቅርስ ስለሚታይ የሰብሳቢ ፈቃድ (ለሦስት ዓመት 30 ዶላር) ይህን ያቀላል፤ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ግን የአካባቢያቸውን ሕግ ለይተው ይጠይቁ። ወደ አገር ቤት ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ካለ ደግሞ ይተወው፦ ከአሜሪካ ማውጣቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል።

ከገዙት በኋላ ለዘወትር ልምምድ ባለ 158 ግሬን .38 ስፔሻል ይብቃዎ፤ በዚህ ክብደት ላይ ግፊያው እምብዛም አይሰማም፣ ማነጣጠሪያውም ቦታውን አይለቅም። ማግነሙን አልፎ አልፎ ይተኩሱበት፤ የተሠራው ለሱ ነው። ጥይት ራሳቸው የሚሞሉ ሰዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የዚህ ሞዴል ሲሊንደር አጭር ስለሆነ አፍንጫቸው የረዘመ አንዳንድ አረሮች በማግነም ቀልሃ ሲሞሉ ከፊት ወጥተው ሲሊንደሩን ይቆልፉታል።

ጽዳቱ ላይ ሁለት ቦታ አለ የሚረሳ። አንደኛው .38 ሲተኮስ አጭሩ ቀልሃ በሚያልቅበት ላይ የሚቀረው የካርቦን ቀለበት ነው፤ ካልተጸዳ .357 ሲያስገቡ ይከብዳል፣ ከተተኮሰ በኋላም ቀልሃው አልወጣም ይላል። የነሐስ ብሩሽ በሟሟ ነክረው እያንዳንዱን ቀዳዳ እያዞሩ ይፈትጉ። ሁለተኛው የቀልሃው ከንፈር የሚቀመጥበት ጎድጎዳና የኮከቡ ሥር ነው፤ ያልተቃጠለ የባሩድ ፍሬ አንዲት እንኳ እዚያ ከገባች ቀልሃው ወጣ ብሎ ይቆማል፣ ሲሊንደሩም አልዘጋ ወይም አልዞር ይላል። ሰዎች «ሽጉጡ ተበላሸ» ብለው ወደ ጥገና ከሚያመጡት ውስጥ ቀላል የማይባለው በጥርስ ብሩሽ የሚፈታ ነው። ቀልሃዎቹን ሲያወጡ አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንተው ዘንጉን በአንድ ምት ይግፉት፤ ፍሬዎቹ ከኮከቡ ሥር ሳይገቡ ወደ መሬት ይወድቃሉ።

ከቆዳ አፎቱ ጋር ቢመጣልዎት አፎቱን ለብቻው ያስቀምጡ። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል፤ አፎት ውስጥ ተረስቶ የከረመ ሽጉጥ ከወራት በኋላ ሲወጣ ከቆዳው ስፌት ጋር የተገጣጠመ የዝገት መስመር ይዞ ይወጣል። በስሱ ዘይት ጠርገው፣ ጥይቱን ለይተው፣ ልጆች በማይደርሱበት በቁልፍ ሣጥን ውስጥ ያኑሩት።